መብራቱን ማን ያጥፋ? የመሥሪያ ቤት አሠራር የሠራተኛውን ጠባይ እንዴት ይለውጣል?



ሁላችንም የምናውቀውን አንድ ሰው እናስብ። ቤቱ ውስጥ ልጆቹ መብራት ሳያጠፉ ሲተኙ ይቆጣል። ቧንቧ ሲንጠባጠብ ከሰማ ከእንቅልፉ ተነስቶ ይዘጋል። የተረፈ እንጀራ እንዲጣል አይፈቅድም። ይኸው ሰው ጠዋት መሥሪያ ቤቱ ሲገባ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ማንም የሌለበት ክፍል መብራቱ በርቶ ይውላል፤ አይቶ ያልፈዋል። የመጸዳጃ ቤቱ ቧንቧ ይፈሳል፤ እሱንም ያልፈዋል። አንድ ገጽ ለማረም አሥር ገጽ ያትማል። ማታ ሲወጣ ኮምፒውተሩ እንደበራ ነው።

ምን ለወጠው? ብዙዎቻችን ፈጥነን የምንሰጠው መልስ "ከኪሱ ስለማይወጣ ነው" የሚል ነው። አንዳንዶቻችን ደግሞ "አማናን ስለዘነጋ ነው" እንላለን። ሁለቱም መልሶች እውነትነት አላቸው። ጉዳዩን ያጠኑ ተመራማሪዎች ግን አንድ ሌላ ነገር ይጨምራሉ። ሰውዬውን የቀጠረው፣ ያሠለጠነው፣ የሚመዝነውና የሚሸልመው መሥሪያ ቤት ራሱ ምን ያህል ስለዚህ ነገር እንደሚጠይቀው ተመልከቱ ይላሉ። በዛሬው ጽሑፋችን ይህን "አረንጓዴ የሰው ሀብት አስተዳደር" የሚባለውን አሠራር ምንነት፣ እንዴት እንደሚሠራና የት ላይ እንደሚከሽፍ፣ እንዲሁም ለእኛ ተቋማት የሚሰጠውን ትምህርት ኢንሻአላህ እናያለን።

አረንጓዴ የሰው ሀብት አስተዳደር ምንድን ነው?

ስሙ ከባድ ቢመስልም ነገሩ ቀላል ነው። ማንኛውም መሥሪያ ቤት ሰው ይቀጥራል፣ ያሠለጥናል፣ ሥራውን ይመዝናል፣ ይሸልማል ወይም ይቀጣል፣ ያማክራል ወይም አያማክርም። እነዚህ ሁሉ የሰው ሀብት ክፍል ሥራዎች ናቸው። አንድ ድርጅት እነዚህን ሥራዎች ሲያከናውን የአካባቢ ጥበቃን ጉዳይ አብሮ ካስገባ አሠራሩ "አረንጓዴ" ይባላል።

ለምሳሌ የቅጥር ማስታወቂያ ሲያወጣ የሥራ መዘርዝሩ ውስጥ "የነዳጅ አጠቃቀምን መከታተል" የሚል ኃላፊነት ይጽፋል። አዲስ ሠራተኛ ሲገባ ስለ ሰዓት መግቢያና መውጫ ብቻ ሳይሆን ቆሻሻ እንዴት እንደሚለይ፣ ማሽን መቼ እንደሚጠፋ ያስረዳዋል። በስድስት ወሩ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ውስጥ ስለ ብክነት የሚጠይቅ አንድ መስመር ይኖራል። ብክነት የቀነሰ ሠራተኛ ምስጋና ወይም ቦነስ ያገኛል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1996 ዋልተር ቬርማየር የተባለ ምሁር ሰዎችን ከአካባቢ ጥበቃ ሥራ ጋር ስለ ማስተሳሰር መጽሐፍ አዘጋጅቶ ነበር። በዚያው ዓመት አይ.ኤስ.ኦ 14001 የተባለው ዓለም አቀፍ የአካባቢ አስተዳደር ደረጃ ወጣ። ይህ ደረጃ ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው ሥልጠናና ግንዛቤ እንዲሰጡ ግዴታ ያደርጋል። እ.ኤ.አ በ2013 ደግሞ ዳግላስ ሬንዊክና ሁለት ባልደረቦቹ እስከዚያ ድረስ የተሠሩትን ጥናቶች ሰብስበው በአንድ ማዕቀፍ አቀረቡ። ዛሬ በዘርፉ የሚጽፉ ብዙዎች የሚነሱት ከእነሱ ነው።

ሦስቱ ቁልፎች

ሬንዊክና ባልደረቦቹ የተጠቀሙበት ማዕቀፍ አንድ ሰው ሥራን በደንብ እንዲሠራ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል ይላል። መቻል አለበት፤ መፈለግ አለበት፤ ዕድሉን ማግኘት አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሁለቱ ብቻቸውን አይበቁም።

ይህን በቀላሉ ለመረዳት ከራሳችን ገጠመኝ እንጀምር። በመምህርነት ባሳለፍንባቸው ዓመታት በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ትልቅ የውሃ ሮቶ ነበር። ውሃ በሌሊት ስለሚመጣ ሮቶው ሞልቶ እስኪነጋ ይፈሳል። ጠዋት ስንገባ ግቢው ረግረግ ሆኖ እናገኘዋለን። በሳምንቱ መጨረሻ ደግሞ ውሃ ጠፍቶ ተማሪዎች እጃቸውን የሚታጠቡበት ያጣሉ። መምህራን በሻይ ሰዓት የምናማው ሌሊት ተረኛ የሆኑትን አዛውንት ጥበቃ ነበር። "ተኝተው ነው እንጂ ሰምተው ቢሆን ይዘጉት ነበር" እንል ነበር።

አንድ ቀን ጠጋ ብለን "አባባ፣ ውሃው ሲፈስ አይሰሙትም እንዴ?" ብለን ጠየቅናቸው። "ልጄ፣ እንዴት አልሰማም? እንቅልፍም አይወስደኝ። መዝጊያው ያለው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ ንብረት ክፍል ነው። ሁለቴ ተናገርኩ፤ 'አንተ በርህን ጠብቅ' አሉኝ" አሉን።

እኚህ አባት ያውቃሉ፤ መዝጊያው የት እንዳለ ከእኛ በላይ ያውቃሉ። ይፈልጋሉም፤ ውሃው ሲባክን ያሳዝናቸዋል። የጎደላቸው ሦስተኛው ነገር፣ ዕድሉ ነበር፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ደግሞ ዕድሉ የእውነት ቁልፍ ነው። ትምህርት ቤቱ ስለ ውሃ ቁጠባ መቶ ጊዜ ስብሰባ ቢጠራና በየግድግዳው ቢለጥፍ ኖሮ ያ ሮቶ መፍሰሱን አያቆምም ነበር። እኛም ሰውዬውን ማማታችን ስህተት ነበር። ይቅርታ ጠይቀናቸዋል።

እንግዲህ ሦስቱን ቁልፎች አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው መቻል ነው። የሚመጣው ከቅጥርና ከሥልጠና ነው። አንድ የጀነሬተር ሠራተኛ አሮጌ ዘይት መሬት ላይ ሲደፋ ብዙውን ጊዜ ክፉ ሆኖ አይደለም። የት መደፋት እንዳለበት የነገረው የለም። አንዲት የጽዳት ሠራተኛም የበረኪናውን መጠን ከልክ በላይ ስትጨምር ይበልጥ ያጸዳል ብላ ነው። ሥልጠና ይህን ክፍተት ይሞላል። ሥልጠናው ግን ከሥራው ጋር የተያያዘ መሆን አለበት። ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር የሁለት ሰዓት ገለጻ ከሚሰጣት፣ ስለ በረኪናው ልክ የአሥር ደቂቃ ማሳያ ቢሰጣት ይበልጣል።

ሁለተኛው መፈለግ ነው። ከምዘናና ከማበረታቻ ይመጣል። ሠራተኛ አለቃው የሚቆጥረውን ነገር ይቆጥራል። አንድ ሹፌር የሚመዘነው በፍጥነት ብቻ ከሆነ ነዳጅ መቆጠቡን ማንም አያይለትም። ኢንቴል የተባለው የኮምፒውተር ዕቃዎች አምራች እ.ኤ.አ ከ2008 ጀምሮ የሠራተኞቹን ተለዋዋጭ ክፍያ በከፊል ከማኅበራዊና ከአካባቢ ግቦች ጋር አያይዞታል። ክፍያው ሲያያዝ ጉዳዩ የአንድ ክፍል ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሁሉም ይሆናል።

ሦስተኛው ዕድል ማግኘት ነው። ሠራተኛው ያየውን የሚናገርበት፣ ያሰበውን የሚሞክርበት መንገድ ማለት ነው። ለዚህ ከሚጠቀሱት ቀደምት ምሳሌዎች አንዱ የአሜሪካው ስሪኤም ኩባንያ ነው። በኢንጂነር ጆሴፍ ሊንግ መሪነት እ.ኤ.አ በ1975 "ብክለትን መከላከል ያዋጣል" የሚል ፕሮግራም ጀመረ። ቆሻሻውን ከመጣ በኋላ ከማጣራት ይልቅ ከመነሻው እንዳይፈጠር ማድረግ ነበር ዓላማው። ይህን ሊያውቅ የሚችለው ደግሞ ማሽኑ አጠገብ የቆመው ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ኩባንያው ሠራተኞቹ በፈቃዳቸው ሐሳብ እንዲያመጡ፣ በቡድን እንዲሠሩበትና የተሳካላቸው እውቅና እንዲያገኙ አደረገ። ፕሮግራሙ ለአሥርተ ዓመታት ዘልቋል።

ከአብራሪዎቹ የተገኘው ትምህርት

"ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ያምራል፤ በተግባርስ?" የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። በዚህ ዘርፍ ያሉት አብዛኞቹ ጥናቶች ሠራተኞችን በመጠይቅ በመጠየቅ የተሠሩ ናቸው፤ ሰው ደግሞ ስለ ራሱ ሲጠየቅ ጥሩውን ይናገራል። ስለዚህ በተግባር የተለካ አንድ ጥናት ማየት ይጠቅመናል።

እ.ኤ.አ በ2014 ጎስኔል፣ ሊስትና ሜትካልፍ የተባሉ ሦስት የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ከእንግሊዙ ቨርጂን አትላንቲክ አየር መንገድ ጋር ለስምንት ወራት ሠሩ። የተሳተፉት 335 ዋና አብራሪዎች ነበሩ፤ ከ40,000 በላይ በረራዎች መረጃ ተመርምሯል። የታዩት ነገሮች ሦስት ናቸው። አብራሪው ከመነሳቱ በፊት የሚጫነውን ነዳጅ በትክክል ማስላቱ፣ በአየር ላይ ነዳጅ ቆጥቦ መብረሩ፣ ካረፈ በኋላ ወደ ማቆሚያው ሲነዳ ቢያንስ አንዱን ሞተር ማጥፋቱ ናቸው።

አብራሪዎቹ በአራት ተከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ ጥናት እየተካሄደ መሆኑ ብቻ ተነገራቸው። ሁለተኛዎቹ በየወሩ "በዚህ ወር ይህን ያህል ሠርተሃል" የሚል ሪፖርት ደረሳቸው። ሦስተኛዎቹ ከሪፖርቱ ጋር ለየራሳቸው የተቀመጠ ግብ ተሰጣቸው። አራተኛዎቹ ከሪፖርቱና ከግቡ በተጨማሪ ግቡን ሲመቱ እነሱ ለመረጡት በጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብ ይሰጥላቸዋል ተባሉ።

ውጤቱ ምን ሆነ? አንደኛ፣ ምንም ያልተሰጣቸው አብራሪዎች እንኳ ሥራቸው እየታየ መሆኑን በማወቃቸው ብቻ ተሻሻሉ። ሁለተኛ፣ ግብ የተሰጣቸው ደግሞ ከእነሱ ይበልጥ ተሻሻሉ። ሦስተኛ፣ የበጎ አድራጎቱ ገንዘብ ከግቡ በላይ የጨመረው ለውጥ አልነበረም። በአጠቃላይ ከ20,000 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር እንዳይለቀቅ ሆኗል፤ ኩባንያውም በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ነዳጅ ቆጥቧል። የአብራሪዎቹ የሥራ እርካታም ጨምሯል እንጂ አልቀነሰም።

ይህን ያመጣው አዲስ አውሮፕላን አይደለም፤ የደመወዝ ጭማሪም አይደለም። ቀድሞም ሙያውን ጠንቅቆ ለሚያውቅ ሰው "እያየንህ ነው፤ ግብህ ይህ ነው፤ ውጤትህ ይኸው" ማለት ብቻ ነው። እዚህ ላይ ግን ልብ እንበል። አብራሪ ይችላል፤ ሞተሩን የማጥፋት ሥልጣንም በእጁ ነው። የጎደለው ክትትልና ግብ ብቻ ስለነበር ያ ሲሞላ ሥራው ተሳካ። ለሮቶው ጥበቃ በየወሩ ሪፖርት ቢላክላቸው ኖሮ ግን ምን ይጠቅማቸው ነበር? መጀመሪያ የትኛው ቁልፍ እንደጎደለ ማወቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የታዘዘና ያልታዘዘ መልካም ሥራ

በመሥሪያ ቤት ውስጥ ያለ አካባቢን የመጠበቅ ጠባይ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በሥራ መዘርዝር የተጻፈ ነው። "ማሽኑን በስድስት ሰዓት አጥፋ" ከተባለ ማጥፋት ግዴታ ነው። ሌላው ማንም ያላዘዘው ነው። ባልደረባ ረስቶት የሄደውን መብራት ማጥፋት፣ ስለሚፈሰው ቧንቧ መናገር፣ አዲስ ገቢውን ማስተማር የመሳሰለው ማለት ነው። ለሁሉም ነገር ደንብ ማውጣት ስለማይቻል የአንድ ድርጅት ለውጥ ዘላቂ የሚሆነው በዚህ በሁለተኛው ነው።

እ.ኤ.አ በ2017 ዱሞንት፣ ሼንና ዴንግ በቻይና በሚገኙ ሠራተኞች ላይ ያደረጉት ጥናት ሁለቱን ለይቶ አይቷል። የሰው ሀብት አሠራሩ አረንጓዴ ሲሆን የታዘዘው ሥራ በቀጥታም ይሻሻላል። ያልታዘዘው ግን በቀጥታ አይመጣም። የሚመጣው ሠራተኛው "እዚህ ቤት ይህ ነገር የምር ነው" ብሎ ሲያምን ነው። ተመራማሪዎቹ ይህን የመሥሪያ ቤቱ መንፈስ ወይም ድባብ ይሉታል። ከዚህም ሌላ ያልታዘዘውን መልካም ሥራ የሚወስን ነገር አግኝተዋል፤ ሠራተኛው ከቤቱ ይዞት የመጣው እምነትና እሴት ነው። ድባቡ ጥሩ ሲሆንና ሰውዬውም እሴቱ ሲኖረው ሥራው ይበዛል። ለታዘዘው ሥራ ግን የግል እሴቱ ያን ያህል ለውጥ አላመጣም።

ይህ ግኝት ለእኛ ለሙስሊሞች የሚነግረን ነገር አለ። ምድርን እንደ አማና ማየት፣ ኢስራፍን መጥላት ከልጅነታችን የተማርነው ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ፣ ማለትም በሁለት እጅ እፍኝ የሚሰፈር ያህል ውሃ ዉዱእ ያደርጉ እንደነበር በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቦልናል። ይህ እሴት በልባችን አለ። ጥናቱ የሚለን ግን እሴቱ ብቻውን ሜዳ ላይ እንዳለ ዘር ነው። መሬቱ ካልተመቻቸለት አይበቅልም። በመጀመሪያ ያነሳነው ሰው እሴቱን ቤቱ ጥሎት አልሄደም። መሥሪያ ቤቱ ነው እሴቱን ያልጠየቀው።

ዓሣ ግማቱ ከአናቱ

ድባቡን የሚፈጥረው ማን ነው? እ.ኤ.አ በ2000 ካትሪን ራመስና ኡልሪክ ስቴገር በአውሮፓ ኩባንያዎች ባደረጉት ጥናት የቅርብ አለቃቸው የሚደግፋቸው ሠራተኞች አካባቢን የሚጠቅም አዲስ ሐሳብ የመሞከር ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ያለ ሆኖ አግኝተውታል። ሮበርትሰንና ባርሊንግ እ.ኤ.አ በ2013 እንዳሳዩትም መሪው ራሱ የሚያደርገው ነገር በሥር ያሉት ሠራተኞች ላይ ይታያል።

ይህን ለማወቅ ጥናት ላያስፈልገን ይችላል። ሥራ አስኪያጁ "ነዳጅ ቆጥቡ" ብሎ ደብዳቤ ጽፎ የእሱ መኪና ሞተሩ ሳይጠፋ አንድ ሰዓት ቆሞ ሲጠብቀው ሹፌሩ የሚያምነው ደብዳቤውን አይደለም፤ መኪናውን ነው።

አስመሳይነት ሲገባበት

ስለ አካባቢ የሚያወራ ድርጅት ሁሉ እውነተኛ አይደለም። እ.ኤ.አ በመስከረም 2015 የጀርመኑ ፎልክስቫገን በናፍጣ መኪኖቹ ላይ የፍተሻ ማሽንን የሚያታልል ሶፍትዌር መጫኑ ተጋለጠ። መኪናው ሲመረመር ጭሱ ይቀንሳል፤ መንገድ ላይ ሲወጣ ይጨምራል። ጉዳዩ 11 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን ይመለከት ነበር። የሚገርመው ቅሌቱ ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ኩባንያው በአንድ ታዋቂ የዘላቂነት መመዘኛ ከመኪና አምራቾች አንደኛ ተብሎ ነበር። ወረቀቱ ንጹሕ ነበር፤ ጭሱ ግን አልነበረም።

በእኛ አገር ይህን ያህል የከፋ ባይሆንም የሚመሳሰል ልማድ አለ። እ.ኤ.አ በ2019 የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን በአውቶብስ ጭነው ችግኝ ሊያስተክሉ ይወጣሉ። መልካም ሥራ ነው፤ ዛፍ መትከል ምንዳ ያለው ሥራ መሆኑንም ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ችግኙን በሐምሌ ተክሎ በታኅሣሥ ውሃ የሚያጠጣው በስም ካልተመደበ፣ ምዘናውም የሚቆጥረው የተተከለውን እንጂ የጸደቀውን ካልሆነ፣ ሠራተኛው የሚማረው ፎቶ መነሳትን ነው። ተመላሽ አውቶብስ ውስጥ የታደለው የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ በመስኮት ሲወረወር ያየ ሰው የምንለው ይገባዋል።

በአገራችን ያለው መነሻ

ከዜሮ አንነሳም። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ለሰው ሁሉ በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብትን አረጋግጧል። በጃፓን ድጋፍ በ30 ድርጅቶች ተሞክሮ እ.ኤ.አ በ2011 ኢንስቲትዩት የተቋቋመለት ካይዘንም አለ። ካይዘን በስሙ የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ባይሆንም ብክነትን መቀነስ ዋና ጉዳዩ ነው። ከዚህም በላይ ሠራተኞች በትንንሽ ቡድን ሆነው የራሳቸውን የሥራ ቦታ ችግር እንዲፈቱ ያደርጋል። ይህ ያልነው ሦስተኛው ቁልፍ፣ ዕድል መስጠት ነው። የካይዘን ቡድን ባለበት መሥሪያ ቤት ስለ ውሃና መብራት ለመነጋገር አዲስ ኮሚቴ አያስፈልግም፤ አጀንዳ መጨመር ይበቃል።

ሌላው የሚያስተምረን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። በ2008 ዓ.ም ሐምሌ ሲመረቅ የፋብሪካ ፍሳሽ ወደ ውጭ የማይለቅ፣ ውሃውን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም ማጣሪያ ይዞ ነው የተነሳው። በመሣሪያ ረገድ የሚያስመሰግን ነው። ሰዎቹ ጋ ስንመጣ ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሠራተኞች በብዛት ይለቁ ነበር። እ.ኤ.አ በ2019 የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ማዕከል ጥናት መነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር ገደማ እንደነበር ገልጿል። ዛሬ የሠለጠነች ልጅ ከጥቂት ወራት በኋላ ከለቀቀች ሥልጠናው አብሯት ይወጣል። ማጣሪያ በገንዘብ ይገዛል፤ ልማድ ግን የሚገነባው በሚቆይ ሰው ላይ ነው።

የምንጥለው ነገር የት እንደሚደርስም አንርሳ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም አዲስ አበባ ቆሼ ላይ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀበረ። ከየመሥሪያ ቤቱ ሳይለይ ወጥቶ የሚጣለው ወረቀት፣ ፕላስቲክና ምግብ አንድ ላይ ተከምሮ ነበር። ቆሻሻውን ከመነሻው መለየት የሚችለው ቅርጫቱ አጠገብ ያለው ሠራተኛ ነው።

መጀመሪያ ሐቁን

እዚህ ላይ ሳንናገር ማለፍ የማንፈልገው ነገር አለ። መስጂዶቻችን፣ መድረሳዎቻችን፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቶቻችንና ሱቆቻችን ሁሉ ቀጣሪዎች ናቸው። ኻዲሙ፣ ሙአዚኑ፣ ኡስታዙ፣ ጥበቃውና የጽዳት ሠራተኛዋ የእኛ ሠራተኞች ናቸው። ብዙዎቹ የጽሑፍ ውል የላቸውም። ደመወዛቸው የሚዘገይባቸውም አሉ። የሠራተኛን ደመወዝ ላቡ ሳይደርቅ ስለ መክፈል ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩትን በሚንበር ላይ እንሰማለን፤ በተግባር ግን የሦስት ወር ውዝፍ ያለበትን ኻዲም "የዉዱእ ቦታው ውሃ ለምን ፈሰሰ?" ብለን እንቆጣዋለን።

ይህ አይሆንም። ፍትሕ የጎደለበት ቦታ ላይ "አካባቢህን ጠብቅ" የሚል መልእክት ሠራተኛው ጆሮ ሲደርስ "ለእኛ ገንዘብ ቆጥብልን" ሆኖ ይሰማል። ሐቁን ያገኘ ሠራተኛ ግን የድርጅቱን ንብረት የራሱ አድርጎ ያያል። አረንጓዴ የሰው ሀብት አስተዳደር የመጀመሪያ ደረጃው የሰው ሐቅ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ከየት እንጀምር?

የሰው ሀብት ክፍል የሌለው ትንሽ ተቋም እንኳ የሚከተሉትን ማድረግ ይችላል።

1. ሐቁን ማስተካከል። ውል መጻፍ፣ ደመወዝ በሰዓቱ መክፈል።

2. መጠየቅ። ጥበቃውን፣ የጽዳት ሠራተኛዋን፣ ሹፌሩን "ምን ሲባክን ታያለህ? ምን ቢሰጥህ ታስቆመዋለህ?" ማለት። መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ቁልፍ፣ አንድ ቫልቭ፣ ወይም የአንድ ሰው ስልክ ቁጥር ነው።

3. አንድ ነገር ብቻ መርጦ መለካት። የውሃ ቆጣሪ፣ የመብራት ቢል ወይም የነዳጅ መዝገብ ሊሆን ይችላል። በየወሩ ቁጥሩን ሁሉም በሚያየው ቦታ መለጠፍ።

4. የሚደረስበት ግብ ማስቀመጥ። ግቡን ከሠራተኞቹ ጋር ተመካክሮ ማውጣት፤ ከላይ የወረደ ቁጥር እንዳይሆን።

5. በሥራ መዘርዝርና በምዘና ውስጥ ማስገባት። አንድ መስመር ይበቃል። የሚመዘነው ግን የተወራው ሳይሆን የተሠራው፣ የተተከለው ሳይሆን የጸደቀው ይሁን።

6. በሰው ፊት ማመስገን። ከተቆጠበው ገንዘብ ለሠራተኞቹ ድርሻ ማድረግ ቢቻል መልካም ነው፤ ባይቻል በጀማዓ ፊት የሚነገር ምስጋና ቀላል ነገር አይደለም።

7. ኃላፊው ቀዳሚ መሆን። የመስጂድ ኮሚቴው ሰብሳቢ ቧንቧ ሲዘጋ የታየበት መስጂድ ውስጥ ብዙ ማስታወቂያ መለጠፍ አያስፈልግም።

ስለ ውሃ ብክነት ኹጥባ ማድረግ መልካም ነው። ኹጥባው ሲያልቅ ግን ሰጋጁ የሚወርደው የማይዘጋ ቧንቧ ወዳለበት የዉዱእ ቦታ ከሆነ የሰማውን በምን ይሠራበታል? ልብንም ቧንቧንም አብረን እንጠግን።

ስለዚያ ሮቶ መጨረሻውን ሳንነግራችሁ አንለያይ። ነገሩን ለአስተዳደሩ ካስረዳን በኋላ የመዝጊያው ክፍል ቁልፍ አንድ ቅጂ ተቀርጾ ለጥበቃው ተሰጣቸው። ሥልጠናም ስብሰባም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ግቢው ረግረግ ሆኖ አላየነውም። አባባም ጠዋት በር ላይ ሲያገኙን "ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ዘጋሁት" እያሉ ሰዓቱን ይነግሩን ጀመር። ይህን ያድርጉ ብሎ ያዘዛቸው ማንም አልነበረም።

አላህ አማናችንን ከሚጠብቁት ያድርገን።